በቆላ አገር ኮምፒዩተርን ከልኩ በላይ ስለ ማፍጠን

በጋምቤላ ከተማ የኮምፒዩተር ፍቅር ያደረባቸው ወጣቶች ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ መሄዳቸው ለአገሩ ተስፋ ለሚያስብ ሰው ሁሉ ልብን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ከእነዚህም መካከል አንዱ ለጌም፣ ሌላው የሠርግና የዘፈን ቪዲዮ ለማቀናበር፣ ሦስተኛው ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሲል ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ ኮምፒዩተር ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ በኋላ፣ ብዙ ሳይቆይ «ኦቨርክሎክ ላድርገው ወይስ ልተወው?» የሚለው ጥያቄ በልቡናው መመላለሱ አይቀርም። ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ግራፊክስ ካርዱን ወይም ራሙን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት አሳልፎ ማሠራት ነው። ጥያቄው ከስንፍና ወይም ከከንቱ ውዳሴ የመጣ አይደለም፤ በድካም የተገኘውን ንዋይ እስከ መጨረሻው ችሎታው ድረስ ለማሠራት የሚሻ የትጉህ ሰው ጥያቄ ነውና አክብሮ መመለስ ይገባል። ስለዚህ መልሴን ሳላዘገይ ልናገር፤ ጀማሪ የሆነ ሰው፣ ይልቁንም በጋምቤላ ቆላ የሚኖር ጀማሪ፣ ቤተ ሰቡ ያለውን ብቸኛ ኮምፒዩተር ኦቨርክሎክ ሊያደርግ አይገባውም፤ ማፍጠንን ከመማሩ በፊት ማቀዝቀዝን ይማር።

ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በተመጠነ ምት ነው። ማዘርቦርዱ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋ ኸርዝ የሆነ መነሻ ምት ይሰጠዋል፤ ፕሮሰሰሩም ያንን ምት በራሱ ማባዣ ያበዛዋል፤ ማባዣው 36 ቢሆን ፍጥነቱ 3.6 ጊጋ ኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ 3 ቢሊዮን ከ600 ሚሊዮን ምት ይሆናል። ኦቨርክሎክ የሚያደርገው ሰው ባዮስ በተባለው የኮምፒዩተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ 36 የነበረውን ቁጥር 40 ያደርገዋል። ነገር ግን ምቱ በፈጠነ መጠን እያንዳንዱ ትራንዚስተር ከአንዱ ምት እስከሚቀጥለው ባለው እጅግ አጭር ጊዜ ውስጥ ሥራውን ፈጽሞ መገኘት ስላለበት፣ ያንን የሚያስችለውን ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ቮልቴጅ ሲጨመርለትም ይግላል። የጉዳዩ እምብርት ይህ ግለት ነው።

ሥራው ትናንት የተጀመረ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ፒሲ ኤቲ የተባለውን ኮምፒዩተር በ6 ሜጋ ኸርዝ ፕሮሰሰር ባወጣ ጊዜ፣ ደፋር የሆኑት ባለቤቶች ምቱን የሚሰጠውን ክሪስታል ነቅለው በፈጣን ክሪስታል እየተኩ ወደ 8 ሜጋ ኸርዝ ያደርሱት ነበር። ኦቨርክሎክን ስመ ጥር ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ነው፤ በ149 ዶላር የወጣው ይህ ፕሮሰሰር የማዘርቦርዱ ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋ ኸርዝ ከፍ ሲደረግለት በ300 ፈንታ በ450 ሜጋ ኸርዝ ይሠራ ስለ ነበር፣ በዚያው ዓመት ከ600 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ከነበረው ከፔንቲየም 2 ጋር እስከ መተካከል ደረሰ። ሃምሳ በመቶ የሚሆን ፍጥነት ያለ ዋጋ ማግኘት በእውነት ታላቅ ነገር ነበርና፣ ዛሬም በወጣቶች አፍ የሚነገረው የኦቨርክሎክ ዝና አብዛኛው ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ያ ዘመን ግን አልፏል። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ለሽያጭ በሚጽፈው ፍጥነትና ዕቃው በተፈጥሮው በሚችለው ፍጥነት መካከል ሰፊ ወሰን ይተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ግን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ተርቦ ቡስት በተባለው ሥርዓት፣ ከዚያም የኤኤምዲዎቹ በየራሳቸው ሥርዓት፣ ሙቀታቸውንና የሚወስዱትን ኃይል በየቅጽበቱ እየመዘኑ ራሳቸውን በራሳቸው ያፈጥናሉ። ቀድሞ ለደፋሩ ባለቤት ይተርፍ የነበረውን ሁሉ ዛሬ ፋብሪካው አስቀድሞ ተጠቅሞበታል። እንዲያውም ራይዘን የተባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ኮሮች ሁሉ በአንድ ቋሚ ፍጥነት ያሰረ ሰው፣ አንድ ኮር ብቻ በሚሠራበት ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሳይነካ ይደርስበት ከነበረው ፍጥነት ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ፋብሪካው ራሱ እንኳ በዚህ ጠባብ ወሰን ላይ ሲቆም እንደሚሳሳት ያየነው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ሥራ በመካከል እየተቋረጠባቸው ባለቤቶቻቸው ሲያማርሩ ቆዩ፤ ኩባንያውም መርምሮ፣ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንዲጠይቅ ያደረገ የማይክሮኮድ፣ ማለት የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ፣ ስሕተት መኖሩን አስታወቀ፤ ማስተካከያም አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ አንድ ጊዜ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድነውም። ዕድሜያቸውን በዚህ ጥበብ የፈጁ መሐንዲሶች፣ መለኪያ መሣሪያው ሁሉ በእጃቸው እያለ፣ በቮልቴጅ ነገር እንዲህ ከተሳሳቱ፣ ያለ መለኪያ በግምት ቁጥር የሚጨምረው ጀማሪ ሊፈራ ይገባዋል፤ ፍርሃቱም የማስተዋል እንጂ የድንቁርና ፍርሃት አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ሳለ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በቮልቴጁ ካሬ፣ ማለት ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ያድጋል። እንግዲህ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ከፍ ለማድረግ ቮልቴጁን በ10 በመቶ መጨመር ቢያስፈልግ፣ ኃይሉ 1.1 በ1.1 እንደገናም በ1.1 ተባዝቶ በ33 በመቶ ያህል ያድጋል። በዚህ ዋጋ የተገዛው ጥቅም ምንድን ነው ቢሉ፣ ነገሩ ሁሉ ቢሰምር አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረ የቪዲዮ ሥራ በ54 ደቂቃ ተኩል ማለቁ ነው። ሥራው የሚዘገየው በሃርድ ዲስኩ ዝግታ ወይም በራሙ ማነስ ከሆነ ግን፣ በብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮችም ነገሩ እንዲሁ ነው፣ ጥቅሙ ፈጽሞ የለም።

ይህ ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የጋምቤላ ነገርም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማራገቢያ ምንም ያህል ቢበረታ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም፤ የሚችለው ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ አየር የሚበልጥበትን ዲግሪ ማሳነስ ብቻ ነው። አንድ ፕሮሰሰር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከክፍሉ አየር በ50 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። ጎሬ ከተማ ላይ፣ ደጋ ነውና ክፍሉ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ ፕሮሰሰሩ 70 ዲግሪ ይሆናል፤ ኦቨርክሎክ ተደርጎ ኃይሉ በ33 በመቶ ሲያድግ ልዩነቱ ወደ 66 ከፍ ብሎ 86 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያሳስባል እንጂ ይሠራል። ከጎሬ ቁልቁል ተወርዶ ጋምቤላ ላይ ግን፣ በመጋቢት ወር ከቀትር በኋላ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ ክፍሉ 38 ዲግሪ በሆነ ጊዜ፣ ያው ፕሮሰሰር ማንም ሳይነካው 88 ዲግሪ ላይ ነው፤ ኦቨርክሎክ ቢደረግ ወደ 104 ዲግሪ ይገሰግሳል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ገደማ፣ የኤኤምዲዎቹም እንደየዓይነታቸው 90 ወይም 95 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን በግድ ስለሚቀንሱ፣ ሊያፈጥነው የተነሣው ወጣት ሳያውቅ ያዘገየዋል፤ እየዘገየም የመብራቱን ሒሳብ ይከፍላል።

ከፍታም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአራት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ማራገቢያው ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ጋምቤላ ግን ወደ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ወፍራም ነው። ይህ ለቆላው የተሰጠ በረከት ነበር፤ የበጋው ግለት ግን ውጦ ያስቀረዋል።

በጋምቤላ በኩል ስለሚፈሰው ስለ ባሮ ወንዝ የሚያውቅ ሰው፣ ወሰኑን የሚያኖረው የማሽኑ ኃይል ሳይሆን አካባቢው መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከጎሬና ከአካባቢው ደጋ በበቅሎ የወረደው ቡና ጋምቤላ ላይ በእንፋሎት መርከብ እየተጫነ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። መርከቦቹ ግን የሚመላለሱት ክረምት ገብቶ ወንዙ በሞላባቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ውኃው በጎደለ ጊዜ የእንፋሎቱ ኃይል ምንም ያህል ቢሆን የጉዞውን ወሰን የሚወስነው ወንዙ እንጂ ሞተሩ አልነበረም። ለፕሮሰሰርም የጋምቤላ የበጋ አየር የጎደለ ወንዝ ነው። የኦቨርክሎክ መመሪያዎችና ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ክፍሉ 20 ወይም 22 ዲግሪ በሆነበት አገር፣ ብዙውንም ጊዜ ቅዝቃዜው በመሣሪያ በተመጠነበት ቤት ውስጥ መሆኑን፣ ቁጥራቸውን እንዳለ የሚቀዳው ወጣት ልብ ሊለው ይገባል።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚመጣው የመብራት ነገር ነው። አንድ ኦቨርክሎክ የተደረገ ኮምፒዩተር ጸንቶ መሥራቱን ለማረጋገጥ እንደ ፕራይም95 ያለ ፕሮግራም ለብዙ ሰዓት በሙሉ ኃይል ማስኬድ፣ ቢቆም ቁጥሩን ጥቂት ዝቅ አድርጎ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። የዚህ ሥራ መሠረቱ፣ ኮምፒዩተሩ በቆመ ጊዜ «የቆመው በዚህ ምክንያት ነው» ለማለት መቻል ነው። መብራት በድንገት በሚሄድበትና በሚመጣበት፣ ቮልቴጁም ከ220 ወዲያና ወዲህ በሚዋዥቅበት ቤት፣ ያለ ዩፒኤስና ያለ ስታቢላይዘር የተቀመጠ ጀማሪ፣ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋበት ጥፋቱ የማባዣው ቁጥር ይሁን፣ የፓወር ሰፕላዩ ድካም ይሁን፣ የመስመሩ መዋዠቅ ይሁን፣ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ምክንያቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ እየሞከረ ነው እንጂ እየተማረ ነው ለማለት ያስቸግራል። ፓወር ሰፕላዩም ቢሆን በሙቀት ይጎዳል፤ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር የሙያው ሰዎች የሚሠሩበት ስሌት ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን መቃጠሉ አይደለም። የዛሬ ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋልና በአንድ ቀን ተቃጥሎ የሚቀር ጥቂት ነው። የሚያስፈራው ሳይታወቅ የሚደርሰው ጥፋት ነው፤ ይልቁንም ራም ከልኩ በላይ ሲፈጥን ኮምፒዩተሩ ሳይቆም፣ ብሉ ስክሪንም ሳያሳይ፣ አንዳንድ ጊዜ አንዲትን አኃዝ አሳስቶ ይይዛል፤ የተሳሳተችውም አኃዝ ከፋይሉ ጋር ወደ ዲስኩ ትጻፋለች። ዊንዶውስ ሲበላሽ ፎርማት ተደርጎ ይመለሳል። በዓመቱ የተጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በሕይወት የሌለ አባት ድምፅና መልክ ያለበት ቪዲዮ፣ የማኅበሩ የሒሳብ መዝገብ፣ አልከፈት ብሎ የተገኘ ዕለት ግን የሚመልሰው የለም፤ በመካከሉ የተወሰደው ቅጂም ስሕተቱን ይዞ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ኮምፒዩተር የወንድም የትምህርት ቤት ሥራ፣ የእኅት የሥራ ማመልከቻ፣ የጎረቤትም ፎቶግራፍ በሚቀመጥበት አገር፣ እንዲህ ያለውን አደጋ ለአምስት ደቂቃ ተኩል ትርፍ ብሎ መቀበል ከማንም የሚጠበቅ አይደለም።

ዋጋውንም ማሰብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር አልፏል፤ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድም በዶላር የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። የተበላሸውን የሚተካ ዕቃ ከጋምቤላ ገበያ ቢጠፋ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ማስመጣት ግድ ይሆናል። ኤኤምዲ ከወሰነው ልክ በላይ መሥራት ዋስትናን እንደሚያሳጣ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ያገለገለ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ግን ከመነሻውም የሚያጣው ዋስትና የለውም።

እዚህ ላይ ብዙውን አንባቢ ከሐሳብ የሚያሳርፍ አንድ ነገር ልጨምር። ኦቨርክሎክ ማድረግ የሚቻለው በሁሉም ኮምፒዩተር አይደለም። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በሙሉ ነጻነት ማባዣቸው የሚለወጠው በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያላቸው ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ የ«ዜድ» ዓይነት ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ይፈልጋሉ። ከውጭ አገልግለው የሚመጡት፣ በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ የምናያቸው እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮች፣ እንዲሁም ላፕቶፖች ከጥቂቶቹ በቀር፣ በሩ ከፋብሪካው የተዘጋ ነው። ስለዚህ ከመጨነቅ በፊት የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ማንበብ ይጠቅማል፤ የብዙ ሰው ጥያቄ በዚያው ያበቃል።

ታዲያ ጀማሪው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ይለካ። ኮር ቴምፕን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ጭኖ፣ ኮምፒዩተሩ ሲያርፍና ሲሠራ፣ ማለዳና ከቀትር በኋላ፣ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን በደብተር ይጻፍ። ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ክዳኑን ይክፈት፤ የበጋው አቧራ ማራገቢያውንና ሂት ሲንኩን እንዴት እንደ ደፈነው በዓይኑ ያየዋል። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ሲጠረግ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀውም ተርማል ፔስት ተጠርጎ በአዲስ ሲተካ፣ ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ሙቀቱ በወረደ መጠንም ፕሮሰሰሩ ያለ ማንም ትእዛዝ በራሱ ይፈጥናል። ይህ በጋምቤላ የሚገባው ኦቨርክሎክ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ኮምፒዩተሩን ከግድግዳና ከመጋረጃ ማራቅ፣ ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ከባዱንም ሥራ ወደ ሌሊትና ወደ ማለዳ ማዛወር ምንም አያስወጣም።

ገንዘብ ያለው ደግሞ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ፈንታ ኤስኤስዲ ያስገባ፤ ራሙ 4 ጊጋ ባይት ከሆነ 8 ያድርገው፤ በዚህ የሚያገኘው የፍጥነት ለውጥ ከማንኛውም ኦቨርክሎክ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሌላም ለጀማሪ የሚሆን ሙከራ አለ፤ በዊንዶውስ የኃይል አስተዳደር ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን ከ100 በመቶ ወደ 99 በመቶ ቢወርድ፣ በብዙዎቹ የኢንቴል ኮምፒዩተሮች ተርቦ ቡስቱ ይቆማል፤ ኮምፒዩተሩ ጥቂት ይዘገያል፤ ሙቀቱ ግን ወዲያው ይወርዳል። ይህን አንድ ቁጥር ወዲያና ወዲህ እያደረገ፣ በደብተሩ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ የሚያስተያይ ልጅ፣ ፍጥነት፣ ቮልቴጅና ሙቀት በምን ሥርዓት እንደ ተሳሰሩ ንብረቱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ይማራል። ከዚያ በላይ የጨከነ፣ ኮምፒዩተሩም የሚፈቅድለት ከሆነ፣ ፍጥነቱን ሳይነካ ቮልቴጁን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ ማድረግን ይሞክር፤ በቆላ አገር እየቀዘቀዘ የሚሠራ ፕሮሰሰር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይቆያል። ይህም ቢሆን ሲበዛ ኮምፒዩተሩን ያስቆማልና የፋይሎቹ ቅጂ ሳይወሰድ የሚጀመር አይደለም።

«ሳይሰበር ሙያ የለም፤ ወጣቱን አታስፈራራው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ የሚሉትም ግማሹ እውነት ነው። ሽቦ ሳይነካ፣ ባዮስ ሳይከፍት፣ ዊንዶውስ ሳያጠፋ ባለሙያ የሆነ ሰው የለም፤ እኔም ወጣቱ እጁን እንዲሰበስብ አልሻም። የምለው፣ የሚሰበረው የድኻ ቤተ ሰብ ብቸኛ ንብረት አይሁን ነው። በክልሉ መሥሪያ ቤቶች መጋዘን ከአገልግሎት ውጭ ተብለው አቧራ የለበሱ ኮምፒዩተሮች ይኖራሉ፤ ከእነዚህ መካከል ማባዣቸው ያልተቆለፈባቸው ጥቂቶች ተለይተው ለጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ተማሪዎች ቢሰጡ፣ ከአንድ ዩፒኤስ፣ ከአንድ የክፍል ሙቀት መለኪያና ከአንድ ፈቃደኛ መምህር ጋር ቢቀመጡ፣ ተማሪው እስኪቆም ድረስ ያፍጥን፤ ለምን እንደ ቆመም ይጻፍ። በጥር፣ በመጋቢትና በነሐሴ የክፍሉ ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት፣ የተሰጠው ቮልቴጅና የተገኘው ፍጥነት ጎን ለጎን እየተመዘገበ፣ መዝገቡም በአማርኛ፣ በኑዌርና በአኙዋ ቋንቋዎች ቢዘጋጅ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጀማሪ ቀዝቃዛ አገር ላይ የተለካ ቁጥር ከመቅዳት ድኖ በጋምቤላ አየር የተለካውን ያነባል።